የዶሮ ፋሂታ በሩዝ፦ ለሥራ ቀን እራት

ፋሂታ ወጥ አይደለም። ይህን አንድ ነገር ልብ ያለ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል። ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን ቀስ እያልን እናቁላላለን፣ ውሃ ጠብ እናደርጋለን፣ ሁሉም ነገር ተዋሕዶ አንድ እስኪሆን እንታገሣለን። ፋሂታ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ደረቅ ሥጋ፣ በደንብ የጋለ ብረትና አጭር ሰዓት። ዶሮው ዳር ዳሩ ጠቆር ብሎ ውስጡ ግን እንደረጠበ፣ ቃሪያው ተለብልቦ ግን ሲነክሱት ቀጭ እያለ፣ ሽንኩርቱም ቅርጹን ሳይለቅ ነው ከእሳት የሚወርደው። ቤት ውስጥ የተሠራ ፋሂታ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ውሃ ነው፦ ከዶሮው ላይ ያልተጠረገ፣ ከተጨናነቀ መጥበሻ የወጣ ወይም በሩዙ ውስጥ የቀረ ውሃ።

ስሙ የመጣው ፋሃ ከሚለው የስፓኝ ቃል ነው፤ መቀነት ማለት ነው። ፋሂታ እንግዲህ ትንሿ መቀነት ናት። መጀመሪያ የተጠራበት ሥጋም የዶሮ ሳይሆን የበሬ ነው፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው ረጅምና ስስ ብልት መቀነት ስለሚመስል ነው። በደቡብ ቴክሳስ፣ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አካባቢ በከብት እርባታ የሚሠሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ይህን ርካሽ ብልት ከደመወዛቸው ጋር ይቀበሉ ነበር። በፍም ላይ ጠብሰው፣ ቀጭን ቀጭን አድርገው ቆርጠው በቶርቲያ፣ ማለት በሜክሲኮዎች ስስ ቂጣ፣ ይበሉት ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ሥጋ ሻጩ ሰኒ ፋልኮን በቴክሳስ ካይል ከተማ በዓል ላይ ለሕዝብ ሸጠው። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒንፋ ሎረንዞ በሂውስተን በከፈቱት ምግብ ቤት ይኸው የተጠበሰ ሥጋ በቶርቲያ ተጠቅልሎ ስም አወጣ። ዶሮው ስሙን የተዋሰው በኋላ ነው፤ አሠራሩ ግን ያው የጋለ ብረት ነው። በቶርቲያ ፈንታ ሩዝ ላይ መደርደሩ አንድ ሥራ ስለሚቀንስ ለሥራ ቀን እራት በጣም ይመቻል።

የሚከተለው ልክ ለ4 ሰው ነው። ኩባያ ስንል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

ዶሮው

አጥንት የሌለው 800 ግራም የዶሮ ሥጋ ያስፈልጋል። ጭን ከደረት ይሻላል፤ ስብ ስላለው ሁለት ደቂቃ ቢያልፍበት እንኳ አይደርቅም። ደረት ብቻ ካለ እያንዳንዱን በጎኑ ሰንጥቃችሁ ለሁለት ስስ ገጽ ክፈሉት፤ ውፍረቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ወፍራም እንዳለ ከተጠበሰ ጫፉ እንጨት ሲሆን መሐሉ ገና ጥሬ ነው።

የሐበሻ ዶሮ ለዚህ ምግብ አይሆንም። ጣዕሙ ጥሩ ቢሆንም ሥጋው ጠንካራ ነው፤ የሚለሰልሰው ረጅም ሰዓት ሲቀቀል ነው፣ እኛ ደግሞ እሳት ላይ የምናቆየው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ግዙ። በረዶ የሠራ ዶሮ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ። በገልፍ አገሮችም ሆነ በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጠው የበረዶ ዶሮ አንዳንዱ የጨው ውሃ የተወጋ ስለሆነ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ጨው ገብቶበት ከሆነ ከታች የተጻፈውን ጨው በግማሽ ቀንሱ።

አሁን ስለ ማጠብ። ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የቤታችን ልማድ ነው፣ ለዶሮ ወጥም ያለ እሱ የማይሠራ ብዙ ነው። ለፋሂታ ግን ብልቱ ተለይቶ በጸዳ ሁኔታ የታሸገን ዶሮ ማጠብ ጥቅም የለውም። ጥሬ ዶሮ ላይ ያለውን ተሕዋስ የሚገድለው እሳቱ ነው፤ ውሃው ግን ፍንጣቂውን ወደ ዕቃ ማጠቢያውና ወደ ሰላጣው ያዛምተዋል። ሎሚ ውስጥ የቆየ ሥጋም ላዩ ቀድሞ ነጭ ይሆንና ዱቄት ዱቄት ይላል። ካላጠብኩ አይሆንልኝም የሚል ሰው ውሃውን ቀስ አድርጎ ያፍስስ፣ ገንዳውን በኋላ በሳሙና ይጠብ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሥጋውን በወረቀት ፎጣ ጨርሶ ያድርቀው። ይህ ማድረቅ ለታጠበውም ላልታጠበውም ግዴታ ነው።

ቅመሙ

በትንሽ ሳህን ውስጥ 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን፣ 2 የሻይ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄትና ከግማሽ እስከ 1 የሻይ ማንኪያ ያልተቀመመ የዛላ በርበሬ ዱቄት ደባልቁ። ከዚህ 1 የሻይ ማንኪያ ለቃሪያው ለብቻ አስቀምጡ። የቀረውን ከ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ከ1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ጋር አድርጋችሁ ዶሮውን በሁሉም በኩል እሹት።

ሦስት ነገር ሰው ይሳሳታል። አንደኛው ከሙን ነው፦ ነጭ አዝሙድም ጥቁር አዝሙድም አይተኩትም፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፣ የፋሂታ ሽታ የሚባለውም የከሙን ሽታ ነው። ባለሱቁ «ያው ነው» ቢልም አሽትታችሁ ግዙ። ሁለተኛው በርበሬ ነው። የቤታችን የተቀመመ በርበሬ ኮረሪማው፣ አብሹና ሌላው ቅመም ሁሉ አለበት፤ እሱ ከገባ የምትበሉት ደረቅ ጥብስ ነው። ደግ ምግብ ነው፣ ግን ፋሂታ አይደለም። ሚጥሚጣም እንዲሁ ኮረሪማ አለው። ሦስተኛው ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ነው፦ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ዶሮው ላይ ከተለጠፈ በጋለ ብረት ላይ ወዲያው አርሮ ይመራል። ዱቄቱ ከጠፋ ይቅር፤ ትኩሱን በመጨረሻ ከቃሪያው ጋር እናስገባዋለን።

ኦሬጋኖ ላጣ ሰው ደስ የሚል መፍትሔ አለ። ሜክሲኮዎች የሚጠቀሙበት ኦሬጋኖ ከጣሊያኑ የተለየ ተክል ነው፤ ሊፒያ ከሚባለው ወገን ነው፣ ለቅቤ ማንጠሪያ የምንጠቀምበት ኮሰረትም የዚያው ወገን ነው። የደረቀ ኮሰረት በመዳፍ ፈትጋችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አድርጉበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሽታው ይበረታና ወደ ክትፎ ይወስዳችኋል።

ሎሚስ? ሎሚ ከዶሮው ጋር ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አሲዱ የሥጋውን ላይ አብስሎ ያጠወልገዋል። የሥራ ቀን መላው ይህ ነው፦ ማታ ወይም ጠዋት ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ዶሮውን በዘይት፣ በጨውና በቅመም ብቻ አሽታችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። እስከ 24 ሰዓት ቢቆይ ጨው እየዘለቀው ይሻላል እንጂ አይከፋም። ሎሚው የሚጨመረው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ አገር ቤት ሎሚ የምንለው ትንሹና ቀጭን ልጣጩ ሜክሲኮዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ግን ትልቁን ቢጫ ሎሚ ትታችሁ አረንጓዴውን ትንሹን ግዙ።

ሩዙ

2 ኩባያ ባስማቲ ወይም ሌላ ረጅም ፍሬ ያለው ሩዝ ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡ፤ የሚያጣብቀው ላዩ ላይ ያለው ስታርች ነው። 20 ደቂቃ ከዘፈዘፋችሁ በኋላ በማጥለያ በደንብ አንጠፍጥፉት። ድስት ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉና ሩዙን 2 ደቂቃ አማስሉት። 3 ኩባያ የፈላ ውሃና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ሲንተከተክ እሳቱን የመጨረሻ ዝቅ አድርጉ፣ ክደኑት፣ 13 ደቂቃ አትንኩት። ከዚያ እሳቱን አጥፉ፤ ከክዳኑ ሥር ንጹሕ ፎጣ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ይረፍ። ፎጣው የሚንጠባጠበውን እንፋሎት ይይዛል።

አዲስ አበባ ለምትኖሩ ይህ ልክ በጥቂቱ ይለወጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሩብ ኩባያ ውሃና 4 ወይም 5 ደቂቃ ጨምሩ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አምናችሁ ሩዙ መሐሉ ጥሬ የሚሆንባችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ሩዙ ካረፈ በኋላ በሹካ ፈልፍሉት። የአንድ ሎሚ ጭማቂና አንድ እፍኝ የተከተፈ የድንብላል ቅጠል ያን ጊዜ ይጨመርበታል። ከውሃው ጋር ከተቀቀሉ ሽታቸው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ቅጠሉም ይጠቁራል።

መጥበሻው

ዶሮውን ከመጥበሳችሁ 20 ደቂቃ በፊት ከፍሪጅ አውጡ። 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወፍራም የብረት መጥበሻ ካላችሁ እሱን፣ ከሌለም ካላችሁ ሁሉ ወፍራሙን ተጠቀሙ። ከመካከለኛ በላይ በሆነ እሳት 4 ደቂቃ አግሉት፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ እስከ 7 ደቂቃ ስጡት። አንድ ጠብታ ውሃ ስታንጠባጥቡበት ወዲያው ጭሶ መጥፋት አለበት። ቴፍሎን መጥበሻ ግን ባዶውን እንዲህ አይግልም፤ ቅቡ ከመጠን ባለፈ ሙቀት ይበላሻል። ዘይቱን አድርጋችሁ በመካከለኛ እሳት ሥሩ፤ ጥቁረቱ ያንሳል እንጂ ይበላል። መስኮት ክፈቱ፤ ጭስ ይኖራል።

1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ዶሮውን በግማሽ በግማሽ፣ ማለት 400 ግራም ያህሉን በአንድ ጊዜ፣ ሳይነካካ ዘርጉት። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሥጋ ቡናማ ቀለምና ያንን የጥብስ ሽታ የሚያወጣው የላዩ ሙቀት 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ውሃ መጥበሻው ላይ እስካለ ድረስ ግን ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ አያልፍም። 800 ግራሙን አንድ ላይ ስትጥሉት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃውን ይለቃል፣ ያ ውሃ ለመትነን ቦታ ያጣል፤ ዶሮው ይቀቀላል። ግራጫ ሆኖ በራሱ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ካያችሁት የሆነው ይህ ነው። ያን ጊዜ እሳት መጨመር አይጠቅምም፤ ግማሹን አውጡ፣ ውሃውን በሳህን ገልብጡ፣ መጥበሻውን አድርቃችሁ እንደገና ጀምሩ።

4 ደቂቃ አትንኩት። በብረቱ ላይ የተጣበቀ ከመሰለ ገና ነው፤ ሲበስል ራሱ ይለቃል። ገልብጡና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጨምሩ። የሥጋ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ወፍራሙን ቦታ ወግቶ 74 ዲግሪ ሲያይ ያውርድ፤ ጭን እስከ 80 ቢደርስ እንዲያውም ይለሰልሳል። ቴርሞሜትር ከሌለ ወፍራሙን ቁራጭ ቁረጡና እዩ፤ መሐሉ ሮዝ መሆን የለበትም፣ የሚወጣውም ጭማቂ የጠራ ይሁን።

ሥጋውን ሳህን ላይ አድርጋችሁ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አሳርፉት። ብዙ ሰው ዶሮውን ቀድሞ በስሱ ቆርጦ ነው የሚጠብሰው፤ እኛ አንመክረውም። የተቆራረጠ ሥጋ ብዙ ገጽ ስላለው ብዙ ውሃ ይለቃል፤ ቶሎም ይደርቃል። ሙሉውን ጠብሳችሁ፣ ካረፈ በኋላ የሥጋውን ጭረት አይታችሁ በእሱ ላይ አግድም፣ በጣት ውፍረት ቁረጡት። ሎሚውን ያን ጊዜ ጭመቁበት፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን ጭማቂም መልሱበት።

ቃሪያውና ሽንኩርቱ የሚጠበሱት ዶሮው በወጣበት በዚያው ባልታጠበ መጥበሻ ነው። 3 ወፍራም የፈረንጅ ቃሪያ፣ ቀይና ቢጫ ቢቀላቀል ጥሩ ነው፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ርዝመቱን ቁረጡ፤ 2 ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ከሥሩ ወደ ጫፉ ሰንጥቁት። በአግድም የተቆረጠ ሽንኩርት ቶሎ ይፈርሳል። እሳቱ እንደበረታ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ በሁለት ዙር ጥበሱ፦ 2 ደቂቃ ሳትነኩ፣ ከዚያ አገላብጣችሁ ሌላ 2 ደቂቃ። ጨው መጀመሪያ ላይ አትጨምሩ፤ ውሃ ያስለቅቃል። እጃችሁ ልማድ ሆኖበት ሽንኩርቱን ላቁላላ ሊል ይችላል፤ ያዙት። ሁለቱን ዙር አንድ ላይ መልሱና 2 ፍሬ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ያስቀመጣችሁትን ቅመምና ጨው ጨምራችሁ 30 ሰከንድ አማስሉ። በመጨረሻ 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምቁና ብረቱ ላይ የተለጠፈውን ቡናማ ነገር በእንጨት ማንኪያ ፋቁት። ብዙው ጣዕም ያለው እሱ ውስጥ ነው። ቡናማ ሳይሆን ጥቁር ከሰል ከሆነ ግን ያ መራራ ነው፤ መጥበሻውን ጠርጋችሁ ቀጥሉ።

የከሰል ምድጃ ያላችሁ ሰዎች ከማንም ትበልጣላችሁ፤ ፋሂታ የተወለደው ፍም ላይ ነውና። ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ብቻ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

ከላይ የሚደረገው

3 ቲማቲም ፍሬውን አውጥታችሁ በደቃቁ ክተፉ፤ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚና ጨው ጨምሩበት። የጾም የቲማቲም ሰላጣ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልገውም። ብቻ ከመቅረቡ በፊት 10 ደቂቃ በማጥለያ ይቆይ፤ ካልሆነ ውሃው ሩዙን ያርሰዋል። 2 አቮካዶ በሎሚና በጨው ደቁሱ። በሳወር ክሪም (ኮምጣጣ ክሬም) ፈንታ እርጎ በነጠላ ጨርቅ አንድ ሰዓት አንጠልጥላችሁ ጥቂት ጨውና ሎሚ አድርጉበት። ውሃው በደንብ የወጣለት አይብ ተፈርፍሮ ሲነሰነስበት የሜክሲኮን ትኩስ አይብ ይመስላል፤ ፎርማጆም ተፍቆ ይሆናል። እስራኤል ያላችሁና ኮሸር፣ ማለት ሥጋና ወተት የማይቀላቅለውን የአይሁድ የምግብ ሕግ፣ የምትጠብቁ ወተት ነክ የሆነውን ትታችሁ አቮካዶውን አብዙ።

1 ተኩል ኩባያ የተቀቀለ ጥቁር ወይም ቀይ ቦሎቄ ይጨመርበታል። የቆርቆሮው ታጥቦ ቢሞቅ ይበቃል። ደረቁን የምትቀቅሉ ከሆነ ግን ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ በኃይል ይፍላ፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅሉ። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ ጥሬውን ወይም ሳይበስል ከተበላ ክፉኛ ያስታውካል፤ ዝግ ባለ እሳት ብቻ መቀቀሉ መርዙን አያጠፋም።

የምሽቱ ቅደም ተከተል

ዶሮው ጠዋት ከታሸ እራቱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቤት እንደገባችሁ መጀመሪያ ሩዙን ዘፍዝፉ፣ ዶሮውን ከፍሪጅ አውጡ። ሩዙ እስኪዘፈዘፍ ቃሪያውን፣ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ቁረጡ። ሩዙን ከጣዳችሁ በኋላ መጥበሻውን አግሉ፤ ሩዙ ሲያርፍ ዶሮው ይወጣል፣ ዶሮው ሲያርፍ ቃሪያው ይጠበሳል። የመክተፊያው ነገር፦ አትክልቱን ሁሉ ከጥሬ ዶሮ በፊት ቁረጡ፣ የበሰለውን ዶሮም ጥሬው በነካው ሳህን አትመልሱት። አቮካዶ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፣ ቀድሞ ከተደቆሰ ይጠቁራል።

ሲቀርብ በእያንዳንዱ ጎድጓዳ ሳህን አንድ ኩባያ ያህል ሩዝ አድርጋችሁ ዶሮውን፣ ቃሪያውን፣ ቦሎቄውንና ቲማቲሙን ጎን ለጎን ደርድሩ። አታማስሉት፤ የሚበላው ሰው በየጉርሻው ይቀላቅለው።

ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ በዶሮው ፈንታ 600 ግራም እንጉዳይ ይሆናል። እንጉዳይ ውሃ የተሸከመ ነገር ስለሆነ ሕጉ ይጠብቃል እንጂ አይላላም፦ አትጠቡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ በጣት ውፍረት ቀድዱት፤ በሦስት ዙር ያለ ጨው ጥበሱት። ጨውና ቅመሙ የሚገባው ውሃው ወጥቶ ከተነነና ዳሩ ከቀላ በኋላ ነው።

ለነገ ምሳ የሚቀመጥ ከሆነ ሩዙን ድስት ውስጥ አትተዉት፤ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዙና ፍሪጅ አስገቡ። የበሰለ ሩዝ በክፍል ሙቀት ሲያድር የሚራባው ተሕዋስ የሚተወውን መርዝ ዳግመኛ ማሞቅ አያጠፋውም። ሩዝ፣ ዶሮና ቃሪያ በየዕቃው ለብቻ ሦስት ቀን ይቆያሉ። ስታሞቁ ሩዙ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ርጩና ክደኑት፤ ዶሮውንና ቃሪያውን ግን በጋለ መጥበሻ፣ ያለ ውሃ፣ እንፋሎት እስኪያወጡ አገላብጧቸው።